የተጠቃሚ አካውንቶችን ከአሮጌ የሊኑክስ ሰርቨር ወደ አዲስ ማዛወር፦ ከሴንትኦኤስ 7 ወደ ዴቢያን 12

የሴንትኦኤስ 7 የድጋፍ ዘመን እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2024 አብቅቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ ከአዘጋጆቹ የደህንነት ማስተካከያ ስለማይወጣለት፣ በየመሥሪያ ቤቱ ጓዳ እስከ ዛሬ ያለ ማቋረጥ የሚሠራውን አሮጌ ሰርቨር መተካት የማይታለፍ ሥራ ሆኗል። ፕሮግራሞችን በአዲሱ ማሽን ላይ መጫን ከሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። የሚከብደው በአሮጌው ላይ ለዓመታት የተከማቹትን ሰዎች፣ ማለትም አካውንታቸውን፣ የይለፍ ቃላቸውን፣ ፋይላቸውንና በፋይሉ ላይ ያላቸውን መብት ሳይዛነፍ ማሻገር ነው። ይህ መመሪያ ስለዚሁ ሲሆን፣ መነሻው ሴንትኦኤስ 7፣ መድረሻውም ዴቢያን 12 ነው። ኡቡንቱ ከዴቢያን የተገኘ ስለሆነ እዚህ የተጻፈው አብዛኛው ለእርሱም ይሠራል።

አስቀድሜ ሁለት ነገር ልግለጽ። አካውንቶቹ የተመዘገቡት በሰርቨሩ በራሱ ፋይሎች ውስጥ ነው ብዬ ተነሥቻለሁ፤ ኤልዳፕ ወይም አክቲቭ ዳይሬክተሪ በሚባል የጋራ ማዕከላዊ መዝገብ የሚተዳደሩ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። የትእዛዞቹንና የፋይሎቹን ስም ደግሞ እንደምንጠራቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ተርሚናል ላይ የሚተየቡት ግን በላቲን ትንንሽ ፊደላት ነው። የእያንዳንዱን ትእዛዝ ዝርዝር አማራጭ «ማን» በሚለው ትእዛዝ ማየት ስለሚቻል፣ እዚህ ላይ ትኩረቴ በምን ቅደም ተከተልና ለምን እንደሚሠራ ማስረዳት ነው።

ባለቤቱ ቁጥሩ ነው

ሊኑክስ ሰውን በስሙ አያውቀውም። ዲስኩ ላይ ያለ እያንዳንዱ ፋይል ባለቤቱን የሚመዘግበው ዩአይዲ በሚባል ቁጥር ነው፤ ቡድኑንም እንዲሁ ጂአይዲ በሚባል ቁጥር ይይዛል። የፋይሎችን ዝርዝር ስናወጣ «ሰላማዊት» የሚል የባለቤት ስም ብናይም፣ ዲስኩ ላይ የተጻፈው ለምሳሌ 1014 ብቻ ነው። ስሙን በኢቲሲ ፎልደር ውስጥ ካለው ፓስውድ ፋይል እያመሳከረ የሚያሳየን ዝርዝሩን ያወጣው ትእዛዝ ነው። ስለዚህ ፋይሎቹ ሲሻገሩ 1014 በአዲሱ ሰርቨር ላይ የሌላ ሰው ቁጥር ከሆነ፣ የሰላማዊት ፋይሎች ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ የዚያ ሰው ንብረት ሆነው ይገኛሉ።

ይህን የተማርሁት በራሴ ጥፋት ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት 40 ያህል አካውንቶችን ሳዛውር፣ የሠራተኞቹን ስም በፊደል ተራ ደርድሬ በአዲሱ ሰርቨር ላይ አንድ በአንድ እንደ አዲስ ፈጠርኋቸው። አዲሱ ሰርቨር በፊደል ተራው መሠረት ተከታታይ ቁጥር ሰጣቸው፤ አሮጌው ግን ቁጥሩን የሰጠው ሠራተኞቹ በተቀጠሩበት ቅደም ተከተል ነበር። ሰኞ ጠዋት የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ የደመወዝ ሰነዱን መክፈት አቃታቸው፤ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ግን ያለ ችግር ይከፍተው ነበር። የሁሉንም ፋይሎች ባለቤትነት ከአሮጌው ዝርዝር ጋር እያመሳከርሁ ለመመለስ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፤ በእነዚያ ሁለት ቀናት ማን የማንን ሰነድ እንዳየ ግን ማንም ሊመልስልኝ አልቻለም።

ከዚያ ወዲህ ለነባር ሠራተኛ አካውንት እንደ አዲስ አልፈጥርም። የማደርገው የአሮጌውን መዝገብ መስመሮች ከነቁጥራቸው ወስዶ በአዲሱ መዝገብ ላይ መጨመር ነው። መዝገቦቹ አራት ሲሆኑ ሁሉም በኢቲሲ ፎልደር ውስጥ ይገኛሉ። ፓስውድ በየመስመሩ በሁለት ነጥብ የተለያዩ 7 መስኮች አሉት፤ እነርሱም የመግቢያ ስም፣ በዚህ ዘመን «ኤክስ» ብቻ የሚጻፍበት የይለፍ ቃል ቦታ፣ ዩአይዲ፣ ጂአይዲ፣ ሙሉ ስም፣ ሆም ፎልደርና ሼል (ሰውየው ሲገባ ትእዛዙን የሚቀበለው ፕሮግራም) ናቸው። የይለፍ ቃሉ የተመሰጠረበት ሃሽ የሚቀመጠው «ሩት» ከሚባለው ባለ ሙሉ ሥልጣን የአስተዳዳሪ አካውንት በቀር ተራ ተጠቃሚ ሊያነበው በማይችለው ሻዶው ፋይል ውስጥ ነው። ግሩፕ የቡድኖችን ስም፣ ቁጥርና አባላት ይይዛል፤ ጂሻዶው ደግሞ፣ ሻዶው ለፓስውድ እንደሆነው ሁሉ፣ የግሩፕ ጥላ ነው።

የሚሻገረውን መምረጥ

አራቱን ፋይሎች እንዳሉ ገልብጦ በአዲሱ ሰርቨር ላይ መጫን የሚያጓጓ አቋራጭ ነው፤ ነገር ግን አዲሱን ሰርቨር ያበላሸዋል። በመዝገቡ ውስጥ ከሰዎቹ ጎን እያንዳንዱ አገልግሎት የሚሠራበት የስርዓቱ አካውንት አለ፤ የእነዚህ ቁጥር ደግሞ ከአንዱ የሊኑክስ ዝርያ ወደ ሌላው ይለያያል። አንድ ምሳሌ ይበቃል፦ በሴንትኦኤስ ላይ የቡድን ቁጥር 10 የአስተዳዳሪዎች ቡድን የሆነው ዊል ነው፤ በዴቢያን ላይ 10 ቁጥር ዩዩሲፒ የተባለ ከአስተዳዳሪነት ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የጥንት ቡድን ሲሆን፣ የአስተዳዳሪነት መብት የሚሰጠው 27 ቁጥር የሆነው ሱዶ ነው።

ስለዚህ የሚወሰደው የሰዎቹ መስመር ብቻ ነው። በሁለቱም ስርዓቶች የሰዎች ቁጥር ከ1000 ይጀምራል። ኦክ በሚባለው ትእዛዝ፣ ሁለት ነጥብን የመስክ መለያ አድርገው፣ 3ኛው መስክ ከ1000 የማያንስና ከ60000 የማይበልጥ የሆነባቸውን መስመሮች ከፓስውድ ፋይል ወደ ሌላ ፋይል ያውጡ። የላይኛውን ገደብ መተው ስሕተት ነው፤ በሴንትኦኤስ 7 ላይ የኤንኤፍኤስ አገልግሎት የሚጠቀምበት ኤንኤፍኤስኖባዲ የተባለው አካውንት ቁጥሩ 65534 ስለሆነ፣ ገደብ ካልተደረገበት ከሰዎቹ ጋር ተቀላቅሎ ይሻገራል። በዴቢያን ላይ ደግሞ ያ ቁጥር የኖባዲ ነው። ከግሩፕ ፋይልም በዚሁ ገደብ ያውጡ፤ እዚያም ቁጥሩ ያለው በ3ኛው መስክ ነው።

ሻዶውና ጂሻዶው ውስጥ ግን ዩአይዲና ጂአይዲ አይገኙም፤ ያለው ስም ብቻ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ምርጫ የተገኙትን ስሞች ይዘን የእነርሱን መስመር መፈለግ ይኖርብናል፤ የእኛ አገር ስሞች ወጥመድ የሚሆኑትም እዚህ ላይ ነው። የጽሑፍ መፈለጊያ ትእዛዝ የሆነው ግሬፕ «ሰላም»ን ፈልግ ሲባል ሰላማዊትንም ይዞ ይመጣል፤ «ተስፋ» ሲባል ተስፋዬንና ተስፋነሽን ያስከትላል። ፍለጋው ስሙ ከመስመሩ መጀመሪያ ላይ እንዲጀምርና ወዲያው በሁለት ነጥብ እንዲያልቅ ተደርጎ ካልታሰረ፣ ዝርዝሩ ውስጥ የማይፈለጉና የተደጋገሙ መስመሮች ይገባሉ። ሲጨርሱ ከፓስውድ የወጡትንና ከሻዶው የወጡትን መስመሮች ብዛት በደብሊውሲ ይቁጠሩ፤ እኩል ካልሆኑ ምክንያቱን ሳያገኙ ወደፊት አይሂዱ።

ከዚህ በኋላ ዝርዝሩን ከሰው ኃይል አስተዳደር ጋር ተቀምጦ ማየት ያስፈልጋል። ከሁለት ዓመት በፊት የለቀቀ ሠራተኛ አካውንት አሁንም ክፍት ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። ላስትሎግ የሚባለው ትእዛዝ ማን መቼ ለመጨረሻ ጊዜ እንደገባ ያሳያል፤ ሆኖም ሳምባ በሚባለው ፋይልን ለዊንዶውስ ኮምፒውተሮች በሚያጋራ አገልግሎት በኩል ፋይል ብቻ የሚከፍት ሠራተኛ በዚያ ዝርዝር ላይ «ገብቶ አያውቅም» ተብሎ ሊታይ ስለሚችል፣ ብቻውን ለመሰረዝ ምክንያት አይሆንም። የለቀቁትን ሰዎች አካውንት ባላዛውር እመርጣለሁ፤ ፋይሎቻቸው ለመሥሪያ ቤቱ የሚያስፈልጉ ከሆነ ግን አካውንቱን ቆልፎ ማሻገር ይሻላል፤ ቁጥሩ ባለስም ሆኖ ይቆያል፣ ለሌላ አዲስ ሠራተኛም በስሕተት አይሰጥም።

የቁጥርና የስም ግጭት

የተመረጡት ቁጥሮች በአዲሱ ሰርቨር ላይ ነጻ መሆናቸውን ሳያረጋግጡ ምንም አይጨምሩ። ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የሚያጋጥመው ግጭት አንድ ነው፦ ዴቢያንን ስንጭን ጫኙ ፕሮግራም የመጀመሪያ ተጠቃሚ እንድንፈጥር ይጠይቀናል፤ ለዚያም ተጠቃሚ 1000 ቁጥርን ይሰጠዋል። በአሮጌው ሰርቨር ላይ 1000 ቁጥርን የያዘው ሰው ደግሞ በአብዛኛው የመጀመሪያው የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ነው፤ ብዙ ፋይል ያለውም እርሱ ነው። መፍትሔው በአዲሱ ላይ ያለውን ማንሳት ነው። በሩት ይግቡ፤ የተጫነበት ጊዜ የተፈጠረውን ተጠቃሚ የማይፈልጉት ከሆነ ይሰርዙት፣ የሚፈልጉት ከሆነ ደግሞ ዩዘርሞድ በተባለው ትእዛዝ ቁጥሩን ወደ ሩቅ ቦታ፣ ለምሳሌ ወደ 5000 ይለውጡ፤ የቡድኑንም ቁጥር በግሩፕሞድ ይለውጡ። ዩዘርሞድ በሆም ፎልደሩ ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ባለቤትነት አብሮ ያስተካክላል፤ ከሆም ፎልደሩ ውጭ ያሉትን ግን አይነካም። ግሩፕሞድ ደግሞ የፋይሎችን የቡድን ቁጥር ከቶ ስለማይለውጥ ያንን በእጅ ማስተካከል ያስፈልጋል። ሰርቨሩ ገና ባዶ ስለሆነ ሥራው ጥቂት ነው፤ ቆይቶ ግን አይሆንም።

ሁለት አሮጌ ሰርቨሮችን ወደ አንድ የሚያዋህድ ሰው ሥራው ይበዛበታል። የእኛ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም፣ አንዳንዴም በአባቱ ስም ስለሆነ፣ የመግቢያ ስም «አበበ» በሁለቱም ሰርቨሮች ላይ ኖሮ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ተቃራኒውም አለ፦ «ፀሐይ» በአንዱ ሰርቨር በአንድ የላቲን አጻጻፍ፣ በሌላው በሌላ ተመዝግባ አንዲት ሴት ሁለት ሆና ትገኛለች። ይህንን ኮምፒውተር አይለየውም፤ የእያንዳንዱን ሰው ሙሉ ስም ከነአባቱ ይዞ መጠየቅ ግድ ነው። ስም ወይም ቁጥር መቀየር ካለበት፣ የቅያሪውን ሠንጠረዥ አስቀድመው ይጻፉ፤ አሮጌው ሰርቨር ላይ እንዳለ ለውጠው ሁሉም ፋይል በአዲሱ ቁጥር መያዙን ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ያሻግሩ።

ምንጩ ሴንትኦኤስ 6 ወይም ከእርሱ የቀደመ ከሆነ ደግሞ የሰዎች ቁጥር የሚጀምረው ከ500 ነው። ከ500 እስከ 999 ያለው ክልል በዴቢያን ለስርዓቱ አካውንቶች የተመደበ ስለሆነ፣ እነዚያን ቁጥሮች እንዳሉ ማምጣት ዛሬ ባይጋጭ እንኳ ነገ አንድ አገልግሎት ሲጫን ይጋጫል። በአንድ ጊዜ ለሁሉም 10000 ደምሮ ማዛወር፣ ማለትም 503 የነበረውን 10503 ማድረግ፣ ለመከታተልም ለማስታወስም ይቀላል።

መስመሮቹን መጨመር

በሁለቱም ሰርቨሮች ላይ የአራቱን ፋይሎች መጠባበቂያ ቅጂ ይያዙ። የተመረጡትን አራት ትንንሽ ፋይሎች ፋይልን በተመሰጠረ ግንኙነት በሚያሻግረው በኤስሲፒ ወደ አዲሱ ሰርቨር የሩት ፎልደር ያድርሷቸው፤ መብታቸውም 600፣ ማለትም ባለቤቱ ብቻ የሚያነባቸውና የሚጽፍባቸው፣ ይሁን። የሻዶው መስመሮችን በኢሜይል ወይም በቴሌግራም መላክ፣ በፍላሽ ይዞ መዞርም ክልክል ነው፤ ሃሹን የያዘ ሰው ጊዜ ወስዶ ደካማ የይለፍ ቃላትን መስበር ይችላል።

ከዚያ እያንዳንዱን ቁራጭ ከሚመለከተው መዝገብ መጨረሻ ላይ ይጨምሩ። በሼል ላይ ሁለት የ«ይበልጣል» ምልክት መጨመር ማለት ሲሆን፣ አንዱ ብቻ ከተተየበ ግን ነባሩን ደምስሶ መጻፍ ነው፤ በሻዶው ላይ እንዲህ ያለ ስሕተት የሠራ ሰው ከመስኮቱ ሳይወጣ ከመጠባበቂያው መመለስ አለበት። ስለዚህ በዚህ ሥራ ወቅት በሩት የገባ ሌላ ተርሚናል ክፍት ሆኖ ይቆይ። መጨመሩ ሌላም ጥቅም አለው። በዴቢያን ላይ የሻዶው ፋይል ቡድን «ሻዶው» የሚባል ሲሆን መብቱም 640 ነው፤ ፋይሉን በሙሉ በሴንትኦኤሱ ብንተካው ያ ቡድን ይጠፋና የይለፍ ቃልን በዚያ ቡድን መብት የሚያረጋግጡ ፕሮግራሞች ይሰናከላሉ። መጨመር ግን የፋይሉን ባለቤትነት አይነካም።

ተጨምሮ ሲያልቅ ፒደብሊውሲኬና ጂአርፒሲኬ የተባሉትን ሁለት ትእዛዞች ያስኪዱ። የተደገመ ስም፣ የጎደለ መስክ ወይም የሌለ ሼል ካለ ይናገራሉ። ሆም ፎልደሮቹ ገና ስላልተቀዱ «የለም» የሚል ማሳሰቢያ ለየሰዉ ይወጣል፤ እርሱ ለጊዜው ይታለፋል። የሼሉን ጉዳይ ግን አይለፉት። በአሮጌው ላይ ዚሼል ይጠቀም የነበረ ሰው በአዲሱ ላይ ዚሼል ካልተጫነ የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖም በርቀት መግባት አይችልም፤ እርሱም ችግሩ የይለፍ ቃሉ ስለሚመስለው ደጋግሞ ይሞክራል።

የአስተዳዳሪነት መብት ያላቸውን ሰዎች በዊል ቡድን ውስጥ ከአሮጌው ተመልክተው፣ በአዲሱ ላይ አንድ በአንድ ወደ ሱዶ ቡድን ያስገቡ። ይህን አውቄ በእጅ እሠራዋለሁ፤ መብት ያላቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ከሚያስፈልጉት በላይ ስለሆኑ መቀነሻው ጊዜ ይህ ነው።

የይለፍ ቃላቱ ሳይነገሩ ይሻገራሉ

ማንም ሰው የይለፍ ቃሉን ለባለሙያ መንገር ወይም እንደ አዲስ ማውጣት አያስፈልገውም። ሃሹ ከተሠራበት ማሽን ጋር የተሳሰረ አይደለም፤ የተሠራበት ዘዴና «ጨው» የሚባለው የተጨመረበት የዘፈቀደ ፊደላት ስብስብ ሁለቱም በዚያው መስመር ውስጥ ተጽፈዋል። በሴንትኦኤስ 7 ላይ ሃሹ በ$6$ ይጀምራል፤ ይህም ሻ 512 ማለት ነው። ዴቢያን ከ11ኛው እትም፣ ማለትም ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዲስ የይለፍ ቃል የሚጠቀመው «የስክሪፕት» የተባለውን ጠንካራ ዘዴ ቢሆንም፣ የቀድሞውን ያነብባል። ሠራተኛው በራሱ ጊዜ የይለፍ ቃሉን ሲቀይር አዲሱ ሃሽ በአዲሱ ዘዴ ይጻፋል። በተቃራኒው አቅጣጫ ግን አይሠራም፤ በ«የስክሪፕት» የተሠራ ሃሽ ወደ ሴንትኦኤስ 7 ቢመለስ አይታወቅም። ይህን ማስታወስ የሚያስፈልገው ሽግግሩ ከሽፎ ወደ አሮጌው መመለስ ቢያስፈልግ ነው።

በ$1$ የሚጀምር መስመር ካገኙ ያ ኤምዲ 5 ነው፤ በጣም ያረጀና በቀላሉ የሚሰበር ስለሆነ፣ ባለቤቱ በመጀመሪያ መግቢያው ላይ እንዲቀይር ቼጅ በተባለው ትእዛዝ ያስገድዱት። ሻዶው ውስጥ ከሃሹ ቀጥሎ የይለፍ ቃሉ የተቀየረበት ቀን ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ በተቆጠሩ ቀናት ተጽፎ ይገኛል። መስመሩ እንዳለ ስለተሻገረ በየ90 ቀኑ መቀየር አለበት የሚለው ደንብ ካለ ቆጠራው ከነበረበት ይቀጥላል።

ፋይሎቹን መቅዳት

ለዚህ ሥራ አርሲንክን የሚያህል የፋይል መቅጃ መሣሪያ የለም። ትእዛዙን የሚያስኪዱት በአዲሱ ሰርቨር ላይ ሆነው፣ ከአሮጌው እየሳቡ ቢሆን ይቀላል፤ ዴቢያን ሲጫን በሩት የይለፍ ቃል ከርቀት መግባትን ስለሚከለክል መግፋቱ ተጨማሪ ሥራ ይጠይቃል። የአርካይቭ አማራጩ መብትን፣ ቀንንና ባለቤትን ይጠብቃል፤ ሃርድ ሊንክን፣ ማለትም የአንድ ፋይል ተጨማሪ ስምን፣ ኤሲኤልን፣ ማለትም ለተወሰኑ ሰዎች ለየብቻ የተሰጠ መብትን፣ እንዲሁም ተጨማሪ ባሕርያትን ግን አይጨምርም። ስለዚህ ሦስቱንም የሚጠብቁትን አማራጮች ለየብቻ ይጨምሩ። ከሁሉም በላይ ደግሞ «ቁጥሩን እንዳለ ያዝ» የሚለውን የኑሜሪክ አማራጭ አይርሱ፤ እርሱ ከሌለ አርሲንክ በሁለቱም ወገን ያለውን ስም አመሳክሮ ቁጥሩን ሊለውጥ ይሞክራል። በታር የሚሠራ ሰውም በሚፈታበት ጊዜ ይህንኑ የመሰለ አማራጭ ይፈልጋል።

የምንጩ ፎልደር ስም መጨረሻ ላይ ያለችው እዝባር ትንሽ ብትሆንም ትርጉም አላት። ካለች «ውስጡን ቅዳ» ማለት ነው፤ ከሌለች «ፎልደሩን ራሱን ቅዳ» ማለት ስለሆነ በሆም ውስጥ ሌላ ሆም ይፈጠራል። መጀመሪያ ምንም ሳይቀዳ የሚያደርገውን ብቻ በሚያሳየው በሙከራው አማራጭ አስኪደው ውጤቱን ያንብቡ።

የመጀመሪያው ቅጂ ሰዎች በሥራ ላይ እያሉ ቀን ለቀን ሊሄድ ይችላል፤ ሰዓታት የሚፈጀውም እርሱ ነው። ሁለተኛው ዙር የሚወስደው የተለወጠውን ብቻ ስለሆነ ፈጣን ነው። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ሥራውን ቲመክስ ውስጥ ማስጀመር ይገባል፤ የእርስዎ ላፕቶፕ ግንኙነቱ ቢቋረጥ እንኳ ቅጂው ሰርቨሩ ላይ ይቀጥላል፣ ሰርቨሩ ራሱ ቢጠፋ ደግሞ እንደገና ሲጀመር ተቀድተው ያለቁትን ፋይሎች ዘልሎ ይሄዳል። ቅጂው ካለቀ በኋላ በአማርኛ የተሰየሙ ፋይሎች በጥያቄ ምልክት ተሞልተው ቢታዩ አይደንግጡ። የፋይሉ ስም አልተበላሸም፤ ያልተስተካከለው የአዲሱ ሰርቨር የቋንቋ ቅንብር ነው፣ ወደ ዩቲኤፍ 8 ሲቀየር ፊደሉ ይመለሳል።

ከሆም ፎልደር ውጭ የቀረው

የእያንዳንዱ ሰው ክሮን፣ ማለትም በሰዓቱ ራሱን የሚያስኬድ ሥራ፣ በሴንትኦኤስ በቫር ስፑል ክሮን ውስጥ ሲቀመጥ በዴቢያን አንድ ፎልደር ወደ ውስጥ ገብቶ ክሮንታብስ ውስጥ ይገኛል። ፋይሉን በቀጥታ ከመቅዳት ይልቅ ክሮንታብ በሚለው ትእዛዝ በየሰዉ ስም ቢጫን ባለቤትነቱና መብቱ ራሱ ይስተካከላል። ነገር ግን የተጫነ ክሮን ወዲያው መሥራት ስለሚጀምር፣ እስከ ሽግግሩ ሌሊት ድረስ የአዲሱ ሰርቨር የክሮን አገልግሎት ይቁም፤ አለበለዚያ አንዱ ሪፖርት ከሁለት ሰርቨር ሁለት ጊዜ ይላካል።

የሰዓቱን ነገር በጥንቃቄ ይመልከቱት። ክሮን የሚያውቀው ከ0 እስከ 23 ያለውን የፈረንጅ ሰዓት ነው። ሠራተኛው «ከምሽቱ 2 ሰዓት» ብሎ ያዘዘው 20 ተብሎ ተጽፏል፤ አዲሱ ሰርቨር ከአዲስ አበባ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው በዩቲሲ ዓለም አቀፍ ሰዓት ተጭኖ ከሆነ ግን ያ ሥራ የሚጀምረው በአዲስ አበባ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ነው። በታይምዴትሲቲኤል ሰዓቱን ወደ አዲስ አበባ ከቀየሩ በኋላ የክሮን አገልግሎቱ አዲሱን እንዲያነብ እንደገና ማስነሣት ያስፈልጋል። በክሮን የሚጠሩት ስክሪፕቶችም ይፈተሹ፤ በሴንትኦኤስ 7 ላይ «ፓይተን» ሲባል የሚነሣው ሁለተኛው ትውልድ ነበር፣ በዴቢያን 12 ውስጥ ግን እርሱ የለም።

በሳምባ የሚገቡ ሰዎች የይለፍ ቃል ከሻዶው ውስጥ አይገኝም፤ ሳምባ የራሱ መዝገብ አለው። ፒዲቢኤዲት በተባለው መሣሪያ ከአሮጌው አውጥቶ ወደ አዲሱ ማስገባት ይቻላል፤ የሊኑክስ አካውንቶቹ ቀድመው መኖራቸው ግን ግዴታ ነው። የማይኤስኪውኤልና የፖስትግሬስኪውኤል ተጠቃሚዎችም እንዲሁ ከዚህ ሁሉ ውጭ ናቸው፤ የሚሻገሩት ከዳታቤዞቹ ጋር ነው። የዲስክ ኮታ ተመድቦ ከነበረ ሬፕኮታ ያወጣውን ዝርዝር ይዘው በሴትኮታ እንደገና ይመድቡ። በቫር ሜይል ውስጥ ያልተነበበ ደብዳቤ ካለም በዚያው በአርሲንኩ ይሂድ።

የሽግግሩ ሌሊት

አሮጌው ሰርቨር በስም የሚጠራ ከሆነ፣ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ስሙን ወደ አድራሻ የሚመራውን የዲኤንኤስ መዝገብ ቲቲኤል፣ ማለትም ሌሎች ኮምፒውተሮች አድራሻውን ይዘው የሚቆዩበትን ጊዜ፣ ወደ 300 ሰከንድ ዝቅ ያድርጉ፤ በ86400 ከተተወ ሰዎች እስከ አንድ ሙሉ ቀን ድረስ ወደ አሮጌው ሊሄዱ ይችላሉ። ለሠራተኞች ማስታወቂያ ሲጽፉ «ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት» ብለው በእኛ አቆጣጠር ያስቀምጡ፤ «12 ሰዓት» ተብሎ ከተጻፈ ግማሹ ሰው ምሽቱን፣ ግማሹ ንጋቱን ይረዳል።

ሰዓቱ ሲደርስ በአሮጌው ሰርቨር ኢቲሲ ፎልደር ውስጥ ኖሎጊን የሚባል ፋይል ይፍጠሩ፤ ከሩት በቀር ማንም አዲስ መግባት አይችልም። ቀድሞ የገባውን ሰው ግን ይህ ፋይል አያስወጣውም፤ ስለዚህ ማን እንዳለ በ«ሁ» ትእዛዝ ተመልክተው ያስወጡ። የሳምባና የክሮን አገልግሎቶችንም ያቁሙ። አሁን የመጨረሻውን አርሲንክ ያስኪዱ፤ በዚህ ዙር ብቻ፣ በአሮጌው ላይ የተሰረዘውን በአዲሱም ላይ የሚሰርዘውን አማራጭ ይጨምሩ። በዚህ አማራጭ ምንጩና መድረሻው ከተገለባበጡ የሠራተኛው ሁሉ ሥራ ይጠፋልና፣ አሁንም አስቀድሞ በሙከራ ይታይ። ከመጀመሪያው ምርጫ ወዲህ የይለፍ ቃል የቀየረ ሰው ካለ የሻዶው መስመሩን እንደገና ማምጣት ያስፈልጋል፤ ሁለቱን ዝርዝሮች በዲፍ ማነጻጸር ወዲያው ያሳያል።

አዲሱ ሰርቨር የአሮጌውን ስም ወይም አድራሻ የሚወርስ ከሆነ፣ በማግስቱ የሚገባው ሰው ሁሉ የሰርቨሩ ማንነት ተቀይሯል የሚል አስፈሪ ማስጠንቀቂያ ያያል። ይህን ለማስቀረት፣ በርቀት የመግቢያው አገልግሎት የሆነው ኤስኤስኤች የሰርቨሩን ማንነት የሚያሳይባቸውን የሆስት ቁልፎች ከአሮጌው ማምጣት ይቻላል። አሮጌው ሰርቨር ተሰብሮ ያውቃል የሚል ጥርጣሬ ካለ ግን አያምጧቸው፤ አዲሱን የጣት አሻራ በማስታወቂያው ላይ አትሞ ማሳወቅ ይሻላል። ከዊንዶውስ በርቀት መግቢያ ፕሮግራም የሆነውን የፑቲን በጣም ያረጀ እትም የሚጠቀምና በአርኤስኤ ቁልፍ የሚገባ ሰው ቁልፉ ትክክል ሆኖ ሊከለከል ይችላል፤ ኦፕን ኤስኤስኤች ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከ8.8 እትሙ ወዲህ፣ በሻ 1 የተፈረመውን ስለማይቀበል ነው። የሚቀየረው ቁልፉ ሳይሆን ፑቲው ነው።

ስሙ ወደ አዲሱ ከመዞሩ በፊት ማጣሪያ ያድርጉ። ፋይንድ በሚባለው ትእዛዝ ባለቤት የሌላቸውን ፋይሎች ይፈልጉ፤ ስም የሌለው ቁጥር ከወጣ ያልተሻገረ አካውንት አለ ማለት ነው። ከየክፍሉ አንድ ሰው መርጠው አይዲ የሚለውን ትእዛዝ በሁለቱም ሰርቨሮች ላይ ያስኪዱና ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ያንብቡ። የሒሳብ ክፍሉን አካውንት ከዝርዝሩ አላስቀርም፤ ምክንያቱን ከላይ ነግሬአለሁ። የክሮን አገልግሎቱን ያስነሡ፣ ዲኤንኤሱን ያዙሩ።

በማግስቱ ቁልፍ ይዞ መግባት ያቃተው ሰው ቢመጣ፣ መጀመሪያ የሚታየው የሆም ፎልደሩ መብት ነው። ኤስኤስኤች ሆም ፎልደሩን ወይም የቁልፍ ፎልደሩን ሌላ ሰው ሊጽፍበት የሚችል ሆኖ ካገኘው ቁልፉን አይቀበልም፤ የቁልፍ ፎልደሩ 700፣ የተፈቀዱ ቁልፎች ፋይል 600 ሲሆን ይፈታል።

አሮጌውን ሰርቨር ከኔትወርኩ ይንቀሉት እንጂ ወዲያው አያጥፉት። የወሩ መጨረሻ ሪፖርት እስኪወጣ ድረስ ማንም ያላስታወሰው ፋይል ሊፈለግ ይችላል። ከዚያ በኋላ በሁለቱም ሰርቨሮች ላይ ያወጧቸውን የሻዶው ቁራጮችና መጠባበቂያዎች ይሰርዙ። የአሮጌውን ዲስክ ለሌላ ክፍል ወይም ለጨረታ ከመስጠትዎ በፊት ደግሞ ዲስኩን በሙሉ በሽሬድ ይደምስሱ፤ ዲስኩ ኤስኤስዲ ከሆነ ሽሬድ ሁሉንም ቦታ ስለማይደርስ፣ የአምራቹን የመደምሰሻ ትእዛዝ መጠቀም ወይም ዲስኩን ሰባብሮ ማስወገድ ያስፈልጋል።